እማዬ «ትምጣ» ያለችው

«የጠራቻት ትናገር፤ እኔን ተዉኝ» አለ ተክለብርሃን፣ የቆረጠውን የእንሰት ቅጠል መሬት ላይ እየጣለ።

«ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ነው የምትለው» አለች እህቱ ሰላማዊት። «ታላቁ አንተ ነህ። ነገ በሙት ዓመቱ የዕድሩ ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ ስለ እማዬ ሁለት ቃል መናገር የአንተ ፋንታ ነው። እኔ ወጡን ልሥራ ወይስ ንግግር ላድርግ?»

«ምን ብዬ ልናገር? ስትሞት እህቴን እንጂ እኔን አልፈለገችም ልበል?»

ሰላማዊት ቅጠሎቹን ሰብስባ ጓሮ ወደተጣለው ዳስ ወሰደችና ሽንኩርት የሚከተፍበት ቦታ ላይ አነጠፈቻቸው። ጭቅጭቁ የዛሬ ጠዋት ይምሰል እንጂ አብሯቸው ዓመት የቆየ ነበር።

የዛሬ ዓመት፣ ቡናው ተለቅሞ በሚያልቅበት ሰሞን፣ እናታቸው አሰፋች እዚሁ ዲላ ከጓሮዋ ወደ ቤት ስትገባ ደፉ ላይ ወደቀች። ደርሳ ያነሣቻት ጎረቤቷ ረህማ ናት፤ አጥሩን ተጠግታ ሱቅ የከፈተች፣ ጨውም ወሬም ስትዋዋሳት የኖረች። ሐኪሙ አይቷት ቤቷ ብትሆን ይሻላል ብሎ መለሳቸው። አሰፋች ግማሽ ፊቷ እንደ ተኛ፣ በቀረላት አፍ «ትምጣ» አለች። ረህማም አንዲት ሴት ልጅ እንዳለቻት ታውቃለችና ፍስሐ ገነት ከተማ ለምታስተምረው ለሰላማዊት ደወለች። ሰላማዊት ተማሪዎቿን ለሌላ መምህር ትታ፣ በተገኘው ሚኒባስ ተሳፍራ ደረሰች። ሐዋሳ የሚሠራው ተክለብርሃን የሰማው አመሻሽ ላይ ነው። እሱ ሲደርስ እናቱ ተገንዛ ነበር።

ለቅሶው ላይ ረህማ ለገባው ሁሉ ይህንኑ ትናገር ነበር። የአሰፋች የመጨረሻ ቃሏ «ትምጣ» ነው፣ ልጇን ጠርታ፣ ልጇም ደርሳላት እጇ ላይ አረፈች። ሰውም ወደ ሰላማዊት እየዞረ «ታድለሻል» ይላት ነበር። ተክለብርሃን ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ።

ሰላማዊት እናቷን የምትከስበት ነገር የላትም። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው ወንድሟ ተክሌ ከውጭ ሲገባ እናታቸው ከምድጃው ሥር ትነሣ ነበር፤ እሷ ስትገባ ግን ተቀምጣ ነው «መጣሽ?» የምትለው። ቆጮው ለሁለቱም ይቀርባል፣ ቅቤው ወደ ተክሌ በኩል ያጋድላል። ሴት ልጅ ከእናቷ ጋር ትሠራለች እንጂ አትጠበቅም ብላ አድጋ፣ ያ ቃል ባልጠበቀችው ሰዓት ሲመጣላት እንደ ውርስ ያዘችው። ቤቱን ከወንድሟ ጋር ትካፈላለች፤ ቃሉ ግን የማይካፈል ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳሱ ውስጥ ሰላማዊትን ጨምሮ ሦስት ሴቶች ተቀመጡ። የተክለብርሃን ልጅ ትጊ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር ቅዳሜና እሑዷን አያቷ ቤት ነበር የምታሳልፈው። ረህማ ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚሆነውን ድስት ለብቻ ጥዳ ትጠብቃለች። ወሬው እንደ ሁልጊዜው ወደ አሰፋች አማርኛ ዞረ።

አሰፋች የኮንጋ ገጠር ልጅ ናት። እዚያ ሊያስተምር የተመደበውን መምህር ተክለማርያምን አግብታ ዲላ ስትገባ አንድም የአማርኛ ቃል አታውቅም ነበር። ግማሹን ከባሏ፣ ግማሹን ከራዲዮ ለቀመችው፤ ራት ተበልቶ መሶቡ ሲነሣ «ዜናው በዚሁ ተጠናቀቀ» የምትለው ለዚያ ነው። ከተማ መሀል እንሰት ስትተክል ጎረቤቱ ስቆባታል። ኑሮ የከበደ ጊዜ ያው ጎረቤት ከቆጮዋ ሲቋደስ ደግሞ የዱሮውን ሳቅ አላነሣችበትም። ብዙ ነገር ለመደች። «አንተ»ና «አንቺ» ግን እንደ ተቀላቀሉባት ቀሩ። በአፍ መፍቻዋ በጌዴኦኛ ወንዱም ሴቱም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው። ሰው ፊት ሲጨንቃት «እርስዎ» ወደሚለው ትሸሻለች፣ እሱ ወንድና ሴት አይለይምና። ቆጣሪ ሊያነብ የሚመጣው ጎረምሳ እንኳ «ይግቡ፣ ይረፉ» ሲባል ዞሮ ከኋላው ሽማግሌ መኖሩን ያይ ነበር።

«የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር ‹ነይ ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል› ያለችውስ?» አለች ረህማ። «ሰውየው ወላሂ ጢሙን ዳበሰ።»

ትጊ በክንዷ እንባዋን ጠረገች፤ የሽንኩርቱም የሳቁም ነው። «እኔን የሚያስቀኝ የአባዬ ነው። ቅዳሜ ስመጣ ገና ከበር ሳልገባ ‹ደወለች ወይ? መቼ ትመጣለች?› ትለኛለች። ‹ማን ናት እማማ፣ አክስቴ ሰላም?› ስላት፣ ‹አይ፣ አባትሽ ናት እንጂ› ትላለች።»

ይህን ተክለብርሃን አያውቅም። ልጁ በጓደኞቹ እንዳይሳቅበት ብሎ መምህር ተክለማርያም «ተክሌ አንተ ነው የሚባለው» እያለ አስጠንቷት፣ ፊት ለፊት ሳትሳሳት «አንተ» ትለው ነበር። በሌለበት ግን ምላሷ ወደ ለመደው ይመለሳል።

«ስሕተት እንዳይመስልሽ» አለች ረህማ። «እኔስ ልጄን ዘከርያን፣ ያን የሚያህል ጎረምሳ፣ ‹ነይ የኔ ቆንጆ› እለው የለም? ወንድ ልጅ ሲወደድ አንቺ ይባላል።»

«ታዲያ ዲሬክተሩንም ትወደው ነበር በይኛ!» አለች ትጊ፤ ሁለቱም ተሳሳቁ።

ሰላማዊት ቢላዋዋን አቆመች። ረህማ የማታውቀው ነገር ነበር። ያን ቀን ሰላማዊት ስትደርስ ረህማ ልትሰግድ ወደ ቤቷ ገብታ፣ ክፍሉ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። «መጥቻለሁ እማዬ» አለቻት። አሰፋች አየቻት፣ አወቀቻት፣ «ሰላም» ብላ ጠርታ እጇን ያዘች። ከዚያ ዓይኗን ከእሷ አንሥታ በሩ ላይ አሳረፈችና እንደገና «ትምጣ» አለች። «ይኸው መጣሁ እኮ» ብትላትም ከበሩ ዓይኗን አልመለሰችም። ሰላማዊት ሕመሙ አእምሮዋን ያሳታት መሰላት። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ፀሐይም ገና አልዘቀዘቀችም።

እውነቱን የተረዳችው ዛሬ ትጊን ሰምታ አይደለም። ለቅሶው ላይ፣ «ታድለሻል» ሲሏት፣ አንገቷን ደፍታ እያለች ገብቷት ነበር፤ ቀና ብላ ግን አልተናገረችም። አሁንም ዝም ብትል የትጊ ወሬ ሳቅ ሆኖ ይቀራል፣ ቃሉም የእሷ እንደ ሆነ ይኖራል። ነገ ግን ወንድሟ ያልተፈለገ ልጅ ሆኖ በእናቱ ሙት ዓመት ላይ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። ተክለብርሃን ከፊት ለፊት የድንኳኑን ገመድ ከአጥሩ ጋር ያስር ነበር።

«ተክሌ፣ የጠራችው እኔን አይደለም።»

«ተይ እባክሽ። እንድናገርልሽ ብለሽ አታባብዪኝ።»

«እኔ ከደረስኩ በኋላም ትጠራ ነበር። ስሜን ጠርታ፣ እጄን ይዛ፣ በሩን እያየች ነው ‹ትምጣ› ያለችው። በሌለህበት እንዴት እንደምትጠራህ ልጅህን ጠይቃት። ‹ደወለች ወይ፣ መቼ ትመጣለች› ነበር የምትልህ።»

ገመዱ እጁ ላይ ላላ።

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«የምትቃዥ መሰለኝ።»

«ከዚያስ? ዓመት ሙሉ?»

«የእኔ እንዲሆን ፈለግሁ።»

ይጮኽብኛል ብላ ነበር፤ አልጮኸም። እስከ መጨረሻው በሩን ታይ እንደ ነበር ጠየቃት፤ አዎ አለችው። ገመዱን አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ።

«እደርስ ነበር እኮ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ትደርስ ነበር» አለችው።

ገመዱን ትቶ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። ፊቱን ታጥቦ ከወጣ በኋላ ጓሮ ሄዶ ትጊ አጠገብ ዱካ ላይ ሲቀመጥ፣ ሰላማዊት ከሩቅ አየችው። ልጁን ደጋግሞ ሲያስወራት አመሸ። እህቱን ግን በዚያን ቀን ዳግመኛ አላናገራትም፤ ክፉም ደግም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ሞላ። ካህናቱ ባርከው ከተቀመጡ በኋላ ተክለብርሃን ማንም ሳይለምነው ተነሣ። ኮንጋን አነሣ፣ ራዲዮውን፣ ሰው የሳቀበትን እንሰት፤ ዲሬክተሩን ሲያነሣ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሽማግሌዎች ትከሻቸው በሳቅ ተናጠ። ሰላማዊት ከኋላ ጭልፋ ይዛ ቆማ ሰማችው። ሲናገር እጁን እንደ እናቱ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ይዘረጋ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አስተውላበት አታውቅም።

«የመጨረሻ ቃሏ እኔን መጥራት ነበር» አለ። «እኔን፣ ይህን ጎልማሳ፣ ‹ትምጣ› ብላ።»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ያን ጊዜ ሰላማዊትን «ታድለሻል» ያሏት አሮጊት አሁን ወደ ተክለብርሃን አዘንብለው፣ እጁን ይዘው ያንኑ ቃል አሉት። ማን እንደ ነገረው፣ መቼ እንደ ሰማው፣ አላወጣም። ራርቶላት ይሁን ደስታው አስረስቶት፣ ሰላማዊት መለየት አልቻለችም።

የቀረውን ወጥ ለአሳላፊዎቹ አውጥታ ጭልፋውን ድስቱ አፍ ላይ አጋደመችው። እጇን ታጠበች። ትጊ አባቷን በስልኳ ትቀርጻለች፤ ረህማ ከድስቷ እየጨለፈች ለእንግዶቿ ታድላለች። ሰላማዊት ቦርሳዋን ከበሩ ጀርባ አንሥታ በጓሮ በኩል፣ በእንሰቶቹ መሀል አልፋ ወጣች። ባጃጁ መናኸሪያ ሲያደርሳት የፍስሐ ገነቱ ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ረዳቱ ይጣራ ነበር። ገባችና ከኋላ ተቀመጠች፤ ሚኒባሱም ተነሣ።