ለፋየርዎሉ የተለቀቀው ቦታ

ማስተዋል ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ኮሌጁ ኔትወርኩን ከጥቃት የሚከላከል የፋየርዎል ዕቃ መግዛት ስላልቻለ፣ በነፃ የሚገኘውን ሶፍትዌር ሰርቨሩ ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር አድርጋ በፈጠረችው ቨርቹዋል ማሽን ላይ ልትጭን ተነሣች።

ጭነቱ ግን እምቢ አላት። ማሽኑን ባስነሣችው ቁጥር ጥቁሩ ስክሪን «የሚነሣ ዲስክ አልተገኘም» ይላታል። ሶፍትዌሩን ዳግመኛ አወረደች፤ ያው ነው። ፋየርዎሉ ሳይነሣ ኢንተርኔት ስለማይለቀቅ ዲኑ «ኢንተርኔቱ መቼ ነው የሚለቀቀው?» እያሉ በሯ ላይ ይመላለሳሉ። በዚህ መሀል ሰርቨሩ ሊሞላ መቃረቡን አየችና «በቃ፣ ቦታ ጠቦት ነው» ብላ ደመደመች። «ድምፅ» የሚል ትልቅ ፎልደር አገኘች። የማን እንደሆነ ጠይቂ ጠይቂ አላት ልቧ። ሳትጠይቅ አጠፋችው።

ማሽኑ አሁንም አልተነሣም።

ከምሳ በኋላ ረጋ ብላ ሴቲንጉን ከላይ እስከ ታች አየችው። ማሽኑ የሚነሣው በአዲሱ ስልት እንዲሆን ተደርጓል፤ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ግን የድሮውን ነው። እሱን ብቻ ብትቀይረው ፋየርዎሉ ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሣ። ለካ የቦታ ጉዳይ አልነበረም።

ደስታዋን ሳትጠግበው የአማርኛ መምህሩ ውባንተ ገባ።

«እኅት ዓለም፣ ያ ‹ድምፅ› በሚለው ፎልደር ያኖርሁት የየኔታ ገብረየሱስ ዜማ እሰርቨሩ ላይ አለ አይደል? እስልኬ ላይ የነበረውን አጥፍቸዋለሁ።»

ማስተዋል ደነገጠች። «አለ» አለችው።

አመስግኗት ሲወጣ የጠፋውን ለመመለስ ታገለች። ፋየርዎሉ ግን በላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ ሊመለስ አልቻለም። ዲኑ ስብሰባ ላይ ስሟን ጠርተው ሲያመሰግኗት አንገቷን ደፋች፤ ሰው ትሕትና መሰለው። ከስብሰባው በኋላ ውባንተን ጠርታ እውነቱን ነገረችው። አልተቆጣም።

«ያን ዕለት ‹አለ› ባትዪኝስ ምን ነበር?» አለ ብቻ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ባሰባት።

ቅዳሜ አብረው የኔታ ወዳሉበት ወደ ገሳይ ሄዱ። የኔታ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኟቸው። ማስተዋል እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ይፍቱኝ የኔታ። ድምፅዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይፍታሽ ልጄ፤ ተነሽ። ዜማው እንደሁ የኔ አይደል፣ የተቀበልሁት ነው» አሉና እንድትቀዳ ስልኳን አስወጧት።

ዝቅ ያለውን ዜማ በሚገባ አዜሙት። ከፍ ወደሚለው ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። ደግመው ሞከሩ፤ አልሆነም።

«አምና ይወጣልኝ ነበር» አሉ፣ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል። ማስተዋል ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ሲመለሱ ውባንተ ሚኒባሱ ውስጥ ስልኳን ተቀብሎ አዳመጠ። ሳሉ ሲጀምርም አላቆመውም፤ እስከ መጨረሻው ሰማው።