ወንፊት የማያሳልፈው ጥያቄ

መድረኩ ላይ ስሜ ወንፊት ነው። መድረኩ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ኮዳቸው አልሠራ ሲላቸው እየመጡ የሚጠይቁበት ድረ ገጽ ነው፤ እኔ ደግሞ በበጎ ፈቃድ ከሚያገለግሉት አጣሪዎች አንዷ ነኝ። ሥራዬ መልስ መስጠት አይደለም። የትኛው ጥያቄ እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚዘጋ መወሰን ነው። ኮዱን ሳያሳይ «አልሠራልኝም፣ ድረሱልኝ» የሚል ይዘጋል። የቤት ሥራውን እንዳለ አምጥቶ የሚዘረግፍ ይዘጋል። «የቱን ቋንቋ ብማር ቶሎ ሀብታም እሆናለሁ?» ለሚለውማ መዘጋቱ ላይ አንድ ኩርኩም ቢጨመርለት ደስ ባለኝ።

የሚረግመኝ ሰው ብዙ ነው። ከረጋሚዎቼ አንዱ የገዛ ወንድሜ ነው።

ወንድም ጋሼ መነጽር ሠሪ ነው። ሱቁ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነው፤ የእኔን ክፍል ከእሱ ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ለደንበኞቹ ቀጠሮ መያዣ እንዲሆነው ብዬ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥያቄው ሲበዛብኝ ደግሞ «ጋሼ፣ በእግዜር፣ እኔን ተወኝና መድረኩን ጠይቅ» ብዬ ገፋሁት። የመጀመሪያ ጥያቄውን ኮድ ስላልነበረው ዘጋሁበት። ያን ዕለት ምሳ ላይ ሾርባውን እያማሰለ፣

«ወንፊት የሚሉት አንድ ሰውዬ አለ» አለ። «እንዲህ ያለ ክፉ አይቼ አላውቅም። ሚስቱ ጥላው ሳትሄድ አትቀርም።»

«ምስኪን» አለች እማዬ ከአልጋዋ ላይ።

ሾርባው ትን አለኝ። ግን አልተናገርኩም፤ ዝም አይነቅዝም።

እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሰው ካላነሳት አትነሳም። የማነሳት እኔ ነኝ፣ የማጥባት እኔ ነኝ፣ ጎኗ እንዳይቆስል የማገላብጣት እኔ ነኝ። ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነውም። የፕሮግራም ሥራዬን ቤት ሆኜ ስለምሠራ ብቻ እንደ ውኃ ዝቅ ወዳለው ቦታ ፈሶ እኔ ጋ ቆመ። ወንድም ጋሼ ለደንበኞቹ ማር ነው፤ እማዬ ስትጠራ ግን «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብሎ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ማለት እሱ ነው።

ከዚህ በፊት በሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ አግኝቼ ነበር። ስነግረው አልተቆጣም። «ከእናትሽ የሚበልጥ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በቃ፣ እዚያው ላይ ተዘጋ። ለዚያ ጥያቄ መልስ ያለው ካለ እስቲ ይንገረኝ። አሁን ደግሞ ከቤት የሚያስወጣኝ ሌላ ሥራ መጣ። ቃለ መጠይቁን በሬን ዘግቼ፣ በሹክሹክታ ጨረስኩ። ቀጣሪዎቹ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስሽን ላኪ ብለውኛል። አስቀድሜ ከነገርኩት እንደምሸነፍ ስለማውቅ፣ መጀመሪያ «ተቀብያለሁ» ብዬ ልልክ፣ ከዚያ በኋላ ለቤቱ ልነግር ወሰንኩ። ይህችን ብቻ ነበር ከሕይወት የጠየቅሁት። አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ቀድሜ እንድወስን።

ጥያቄው የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። የጠያቂው ስም «እንግዳ» ይላል፤ መለያውን የከፈተው በዚያው ዕለት ነው። «ቤት ውስጥ ባለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚተየበውን ሁሉ ወደ እኔ የሚልክ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሲነሳ ወዲያው ይዘጋብኛል። ኮዱ ይኸው፣ የስሕተቱ መልእክት ይኸው፣ የሞከርኩትም ይኸው።»

እሰይ፣ ጠያቂ እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። እጄ ወደ «ይለፍ» እየሄደ ነበር። ከዚያ የስሕተቱን መልእክት አየሁ። «ወፍጮ ከተባለው ኮምፒውተር ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጧል» ይላል።

ሰዎች ሲጠይቁ ስማቸውን ይደብቃሉ፣ መሥሪያ ቤታቸውን ይደብቃሉ። የስሕተት መልእክታቸውን ግን ማንም አያጸዳም፤ እንዳለ ገልብጠው ይለጥፉታል። ወፍጮ የእኔ ኮምፒውተር ናት። ማራገቢያዋ ስትነሳ ቤቱን በጩኸት ስለምትሞላው እኔው ያወጣሁላት ስም ነው። በዓለም ላይ ሌላም ወፍጮ ይኖራል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ወደ ኮዱ ስመለስ ግን መረጃ ማከማቻው «ሌንስ»፣ ዋናው ክፍል «ፍሬም» ተብሏል። እንዲህ ብሎ የሚሰይም ሰው ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ ጉሮሮውን እየጠረገ ነበር።

መጀመሪያ ንዴት መጣብኝ፣ ቀጥሎ ፍርሃት፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ዛሬም የማይገባኝ እፍረት። እሱ እየሰለለኝ እኔ አፈርኩ።

መድረኩ ላይ ሦስት አጣሪዎች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል። ምክንያታችን ጠያቂውም እንዲያነበው ከጥያቄው ሥር ይጻፋል። «የሰው ጓዳ መሰለያ ስለሆነ ይዘጋ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው የምንለው አጣሪ መጣ።

«ወንፊት፣ ምን ነካህ?» አለ፤ ለእሱም ወንድ ነው የመሰልኩት። «ሕጉ የራስህ አይደለም እንዴ?» ብሎ የገዛ ቃሌን ለጠፈልኝ። «የምንመዝነው ጥያቄውን ነው እንጂ ጠያቂውን አይደለም። ቢላ ሻጭ ምን ልትቆርጥበት ነው ብሎ አይጠይቅም።»

እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ሽማግሌው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘጋ ሲል በዚህ ንግግር አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ያማረ ንግግር ነበር፤ በደማቅ ጽሑፍ ከመድረኩ አናት ላይ ሰቅለውታል። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይባላል፤ እኔ በደንብ አርቄው ነበር። ሦስተኛው አጣሪ ሳያነብ ነው የሚወስነው። «ይለፍ» አለና ሄደ። የኔ ኮምፒውተር ናት ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ ጠያቂው ያነበዋል። ወዲያው አንድ ደግ ሰው መጥቶ «ኮድህ ጥሩ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ ጎድሎሃል» ብሎ ከነማብራሪያው ሰጠው። እንግዳው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መለሰ። በግድግዳው ማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

በማግስቱ እማዬን እያጠብኩ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጫት፣ ሙሉ ክብደቷ ደረቴ ላይ ነው፤ አንድ እጄ በጀርባዋ፣ አንድ እጄ ሳሙና ላይ። የክፍሌ በር ሲከፈት ሰማሁ። ወፍጮ ስትጮህ ሰማሁ። እማዬን ብለቃት ትወድቃለች።

«ማነው ያንቺ ክፍል የገባው?» አለች እማዬ።

«ንፋስ ነው እማ።»

«የዘንድሮ ንፋስ ጫማ ያደርጋል» አለች። እንደያዝኳት ቆየሁ። ወፍጮ ዝም እስክትል ድረስ የእናቴን ጀርባ እያሸሁ ቆየሁ፤ «ልትልጪኝ ነው?» እስክትለኝ ድረስ።

ፕሮግራሙን ከወፍጮ ላይ ማንሳት ለእኔ ጨዋታ ነው። ግን ካነሳሁት ማወቄን ያውቃል፤ የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው አያጸዳም። ከተውኩት ደግሞ እያንዳንዷን ፊደል ያነባል። ለቀጣሪዎቹ መልሱን ከስልኬ መላክ እችል ነበር፤ ግን ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቄ፣ እንደ ሌባ ሆኜ ነው ከዚህ ቤት የምወጣው? እምቢ አለኝ። ንዴቴ ፍርሃቴን በለጠው። ማንበብ ነው የፈለገው? ያንብብ!

ወፍጮን ከፍቼ፣ አንድ በአንድ፣ «የሰጣችሁኝን ሥራ በደስታ ተቀብያለሁ» ብዬ ተየብኩ። አልላክሁትም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በሩን አየሁ። መጥቶ እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። «ከእናትሽ የሚበልጥ» ብሎ ይጀምር፣ እኔም የዛሬ መልሴን ልስጠው። ከማዶ የሌንስ መፍጫው ድምፅ ቆመ።

አልመጣም። ምሳ ላይ ማንኪያው ሁለቴ ወደቀበት። ዳቦውን ቆርሶ ለስላሳውን መሃሉን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱ ከልጅነታችን ጀምሮ የሚጣላኝ ለዚያ ነበር።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ።

«ደህና ነው።»

«ጥሩ።»

ያኔ ገባኝ። ሊጠይቀኝ አይችልም። ቢጠይቀኝ ከየት ሰማህ እለዋለሁ። ራሱ በሠራው ወጥመድ ውስጥ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። በቀሩት ቀናት እኔ ያልላክሁትን መልስ እየከፈትኩ አያለሁ፣ እሱ ከማዶ ሲያነበኝ ይታወቀኛል፣ ሁለታችንም ኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ «ይቅርታ» እንባባላለን። በቤታችን «ይቅርታ» ተብሎ አያውቅም። እማዬ እንኳ «ምነው፣ ሰው ሞቷል እንዴ?» አለች።

የሳምንቱ መጨረሻ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የመድረኩን ወረፋ ስከፍት ያው እንግዳ ሌላ ጥያቄ አምጥቷል። «አንዲት ሴት ሳታውቅ የጫንኩባትን ፕሮግራም አሁንም ሳታውቅ እንዴት ላንሳው?» ኮድ የለም። መድረኩ የግድ እንዲሞላ የሚያዘው «ምን ሞከሩ?» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ እንዲህ ጽፏል። «ምንም አልሞከርኩም። ፊቷን ማየት አቅቶኛል። ልትሄድ ነው፤ አትሂጂ እንዳልላት አፍ የለኝም፤ ሂጂ እንዳልላት እናታችንን መያዝ አላውቅበትም።»

ሽማግሌው ቀድሞ ደርሷል። «ይህ የቤት ጉዳይ ነው፣ ይዘጋ» ብሏል። ልክ ነው፤ እኔም ሌላ ቀን ቢሆን ሳላቅማማ እዘጋው ነበር። ኮድ የለውም፣ ስሕተት አላሳየም፣ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። እንባዬ መጣና ስክሪኑ ደበዘዘብኝ። ወፍጮ ትጮሃለች። አጣሪ ሆኜ ባገለገልኩበት ዘመን ሁሉ አንድም መልስ ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ከጥያቄው ሥር፣ በወንፊት ስም፣ ጻፍኩ።

«መጀመሪያ በሯን አንኳኳ። ወፍጮ ትጮሃለች እንጂ አትናከስም።»

ከማዶ ወንበር ተገፋ፣ እርምጃ መጣ፣ በሬ ላይ ቆመ። ሲያንኳኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ነው የሚገባው።

«ክፍት ነው» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እያሸ ገባ። ያለ መነጽሩ አባታችንን ይመስላል።

«ወንፊት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሚስቱ ጥላው ሄዳለች ያልኩት…»

«ሰምቻለሁ።»

ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ወዳለው ያልተላከ መልስ ሄደ። «ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ ነው» አለ። «በርሽን ዘግተሽ ስታንሾካሹኪ ጊዜ… ልጠይቅሽ ፈራሁ። አዎ፣ እሄዳለሁ ብትዪኝስ ብዬ ፈራሁ።» ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ በኮድ፣ በሌንስና በፍሬም ሲጠቀልለው የከረመውን ነገር ራቁቱን አወጣው። «እማን ማን ያነሳታል?»

እኔም ስንት ጊዜ ሌሊት ራሴን የጠየቅሁት ነው። አሁን ግን ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«አንተ።»

መነጽሩን አደረገ። እንደገና አወለቀ። «እንዴት?» አለ።

ልብ አድርጌ አየሁት። ማምለጫ ፍለጋ አልነበረም፤ የእውነት መጠየቁ ነበር። ከኮሪደሩ ማዶ እማዬ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እንዳይጥለኝ ብቻ ንገሪው!»

ሁለታችንም ደነገጥን። በሯ እንደወትሮው ክፍት ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ስትሰማን እንደነበረ እግዜር ይወቅ። ወደ ወፍጮ ዞርኩና እሱ እያየኝ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ እጁን ይዤ ወደ እማዬ ክፍል ወሰድኩት። በብብቷ ሥር ሊያነሳት ሲል አቆምኩት። አንድ እጁ ከጀርባዋ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ የሚገባበትን ቦታ አሳየሁት።