አናጢው ወንበሩን ሲሞክር

የከተማው ጥገና መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ለስድስት ሰው ተሠርቶ አሥራ አንድ ሰው ያስቀምጣል። አናጢው ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። እዚህ ቤት ደጅ መጥናት ከጀመረ ስምንት ወሩ። የአግዳሚው የቀኝ እግር ሊለቅ እንደደረሰ ለጥበቃው አምስት ጊዜ ነግሮታል፤ ጥበቃው አምስቱንም ጊዜ "ማመልከቻ አስገባ" ብሎታል።

ጉዳዩ ጉድጓድ ነው። ቧንቧ ቀባሪዎች መጡና ልክ በአናጢው ቤት ደጃፍ ላይ ቦይ ቆፈሩ። ስፋቱ አንድ ወጣት ተንደርድሮ የሚዘለው፣ ጥልቀቱ እስከ ደረት። ከዚያ ቧንቧው እስኪመጣ ብለው ሄዱ፤ ይኸው ቧንቧውም እነሱም እንደወጡ ቀሩ። አናጢው አንዲት ጠባብ ሳንቃ ጋድሞ እንደ ድመት ይሻገራል። ሚስቱ ግን አትችልም። ከሦስት ወር በፊት እቤት ውስጥ አንሸራትቷት ዳሌዋን ተሰብራ፣ አራት ጎረምሶች ናቸው ከሆስፒታል መልሰው በቦዩ ላይ ያሻገሯት። ሐኪሙ እቅጩን ነግሯቸዋል፤ በየቀኑ ረጅም መንገድ ካልተራመደች እግሯ እንደደረቀ ይቀራል፣ ያላት ጊዜም ቢበዛ የሚቀጥለው ወር እስኪያልቅ ነው። ቤታቸው ከግድግዳ ግድግዳ ሰባት እርምጃ ነው። ሴትዮዋ በምርኩዝ ሰባት ትሄድና ሰባት ትመለሳለች። "ዛሬ የት ደረስሽ?" ሲላት "አልጋው ጋ" ትለዋለች እየሳቀች። እሱ ግን አይስቅም።

አናጢ ሆኖ ድልድይ አይሠራም እንዴ የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ሠርቷል እንጂ። ግራና ቀኝ መደገፊያ ያለው፣ በሬ ቢነዱበት የማይነቃነቅ ድልድይ ሠርቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከዚሁ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው "ያለ ፈቃድ የቆመ ድልድይ" ብለው ነቅለው ወሰዱት። ቦዩን ማን እንደቆፈረው በስምንት ወር ያላወቀ ቤት፣ ድልድዩን ማን እንዳቆመው በሦስት ቀን አወቀ። ይህን ምን ይሉታል?

ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ቢሆን ነው። ኅዳጉ ላይ የተጻፈው ግን ከማመልከቻው ይበልጣል። ለቴክኒክ ክፍል ይመራ። ለዕቅድ ክፍል ይመራ። ለሚመለከተው ክፍል ይመራ። በዚህ ቤት ቋንቋ መምራት ማለት ወረቀቱን ከራስ ላይ አንስቶ ሌላው ራስ ላይ መጣል ነው። ባለጉዳይ መጥቶ "ምን ደረሰ?" ሲል "ተመርቷል" ይሉታል፤ እሱም የሆነ ነገር የተደረገለት መስሎት አመስግኖ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ጠዋት አግዳሚው ላይ ጨዋታ ተነሳ። ያነሱት ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ ክፍል ካጡ ዓመታት ቢያልፉም ማስተማሩ አልለቀቃቸውም።

"እስቲ ተራ በተራ መልሱ" አሉ። "አገሩን የምትመሩት እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ትለውጣላችሁ?"

"እኔ" አለ ባለታክሲው፣ "የሚኒስትሮቹን መኪና በሙሉ ነጥቄ በኔ ታክሲ አመላልሳቸዋለሁ። የመንገዱን ጉድጓድ በወገባቸው ይቁጠሩት። ለዚያውም ትርፍ ጭኜ።"

"እኔ ደግሞ" አሉ መምህሩ፣ "ንግግሩ ከሩብ ሰዓት ያለፈበት ባለሥልጣን የቀረውን በእንብርክኩ ይጨርሳል።"

ተራው ልብስ አጣቢዋ ጋ ደረሰ። ይህች ሴት የአናጢው የሰፈር ሰው ናት፤ በአንድ ጎዳና ማዶ ለማዶ ይኖራሉ። የእሷ ጉዳይ ምሰሶ ነው። የመብራት ምሰሶው ወደ ጣሪያዋ ማዘንበል ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር ሁለቱን የልጅ ልጆቿን አቅፋ የክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ላይ ትተኛለች። እሷ ግን ቀልዷን አትተውም። "ባሌ በሕይወት ሳለ እንኳ እንደዚህ ምሰሶ ወደ እኔ አዘንብሎ አያውቅም" ትላለች።

"እኔማ" አለች፣ "የመጣልኝን ወረቀት አነባለሁ።"

"ከዚያስ?" አሉ መምህሩ።

"ከዚያማ ካነበብኩት ይጨንቀኛል። ከጨነቀኝ እሠራዋለሁ።"

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። አናጢውን ግን ስምንት ወር ያመቀው ንዴት ገንፍሎ ከመቀመጫው አነሳው።

"እኔ አገር ብመራ" አለ፣ "መጀመሪያ 'ይመራ' የምትባለዋን ቃል በአዋጅ አጠፋታለሁ። ከአዋጁ ወዲያ ይህቺን ቃል የጻፈ እጅ ይቆረጣል። መጋዙ እንደሆነ የራሴ አለኝ።"

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሳያልቅ ከኃላፊው ክፍል ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም አግዳሚውን አዩ፤ አግዳሚው ቆሟል። በሩ ተከፈተና ኃላፊው ወገባቸውን ይዘው ወጡ፤ ማንንም ሳያዩ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ብለው በኮሪደሩ ሄዱ። ጥበቃው ብቅ አለ።

"የኃላፊው ወንበር ተሰበረ። አናጢ አለ?"

ለዚህኛው ማመልከቻ አላስፈለገም። አናጢው ከማይለየው የመሣሪያ ቦርሳው ጋር ተነሳ። ልብስ አጣቢዋ እጅጌውን ያዝ አደረገችው።

"ወንድሜ፣ ፈጣሪ በር ሲከፍት እንዲህ ነው" አለችው በሹክሹክታ። "የኔን ወረቀት ካየኸው እባክህ ከላይ አድርግልኝ። ከሥር ሆኖ ነው የማይታየው።"

"ችግር የለም እህቴ" አላት።

ወንበሩ የኋላ እግሩ ከማጋጠሚያው ወጥቶ ነው። ሥራው አልከበደም፤ አሮጌውን ኮላ ፋቀ፣ አዲስ ቀባ፣ ሽብልቅ መታ፣ በብሎን አሰረ። አናጢ ደግሞ የጠገነውን ወንበር ሳይቀመጥበት አያስረክብም፤ የሙያው ሕግ ነው። ስለዚህ ተቀመጠ። ወደ ኋላ ተለጠጠ። አቤት ምቾት። ከዚህ ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩት መስኮቱ የሚያሳየው ሰማይ ብቻ ነው፤ ጉድጓድ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስልም።

በዚህ መሐል ፋይል አመላላሿ ገባች። ይህች ሴት በሃያ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ኃላፊ ሲመጣና ሲሄድ አይታ፣ ከአራተኛው በኋላ ፊት ማየት ትታለች። የምታውቀው ወንበሩን ነው። ወንበሩ ላይ ሰው ካለ ኃላፊ ነው፣ ከሌለ ስብሰባ ነው።

"ይምሩልኝ ጌታዬ" አለች፤ ማህደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ከላዩ ጋድማ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ። "ከአፍታ በኋላ እመለሳለሁ።" በሩን ዘግታ ወጣች።

አናጢው ተነስቶ ሊጠራት አሰበ፤ ግን አልተነሳም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል የሰማው መጣበት፤ የእሱ ሹመት ደግሞ ፋይል አመላላሿ እስክትመለስ ድረስ ብቻ ነው። ማህደሩን ከፈተ። አሥራ ስድስት ወረቀት። ከላይ ያለው የልብስ አጣቢዋ ነበር፤ እሷ ከሥር ነው ብላ የፈራችው። "ቆይ፣ መጀመሪያ የኔን" አለና ገለጠው። የራሱን ዘጠነኛው ላይ አገኘው። ኅዳጉ ሞልቶ የቀረው ቦታ የአውራ ጣት ያህል ነው። በዚያች ቦታ ላይ፣

"ይደፈን። አሁኑኑ።"

ብሎ ጻፈ። የኃላፊውን ፊርማ ስምንት ወር ሙሉ ሲያየው ኖሯል፤ ከመላጊያ የወጣ ፍቅፋቂ ነው የሚመስለው። ፍቅፋቂ መሳል ለአናጢ ምን ያቅተዋል? ፈረመ። ሚስቱ ደጅ ወጥታ ስትሄድ ታየችው፣ እንባው መጣ።

ከዚያ የልብስ አጣቢዋን ወረቀት አነሳ። አነበበው፤ ሁለቱ ሕፃናት፣ ጥጉ፣ ንፋሱ፣ ሁሉም አለ። "ምሰሶው ይነሳ" ሊል እስክሪብቶውን አስጠጋ። እና አሰበ። ያሰበው ክፉ ነገር አልነበረም፣ እንዲያውም ብልህ ነገር ነበር። አንድ ጉድጓድ ቢደፈን ማንም አይጠረጥርም። ጉድጓድም ምሰሶም፣ ለዚያውም ከአንድ ሰፈር፣ ከሆነ ግን ኃላፊው "ይህን ማን ጻፈው?" ይላሉ። ያን ጊዜ የሷም አይሆን፣ የሱም ይበላሻል። የሱ ይጽና፤ የሷ ደግሞ ሌላ ቀን፣ በሌላ መንገድ። ነገሩ ይጠናል። ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ሰማ። እስክሪብቶው ወረደና "ለሚመለከተው ክፍል ይመራ" ብሎ ጻፈ።

አንዴ ከተጻፈች በኋላ ያቺ ቃል እንዴት ቀላል ናት መሰላችሁ። የቀሩትን አሥራ አራት ወረቀቶች ሳያነብ መርቶ ሲጨርስ ኮቴው በሩ ላይ አልደረሰም ነበር። መጋዙ እግሩ ሥር ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ትዝም አላለው።

ሲወጣ ልብስ አጣቢዋ ዓይን ዓይኑን አየችው። "አየኸው?"

"ከላይ ነው ያለው" አላት። ውሸት አልነበረም።

መሥሪያ ቤቱ ግን ጉድ ሆነ። ቴክኒክ ክፍሉ "ይደፈን" የሚል ትእዛዝ አይቶ አያውቅም። ተሰበሰቡ። አንዱ "ይደፈን ማለት ጥናት ይደረግበት ማለት ነው" አለ፤ ሌላው "ይደፈን ማለት ዝም ይባል ማለት ይሆናል" አለ። ኃላፊውን እንዳይጠይቁ አላወቁም መባሉን ፈሩ። ኃላፊውም ወረቀቱ ሲቀርብላቸው ፊርማውን አይተው "አዎ፣ ፈርሜያለሁ" አሉ፤ የፈረሙትን አንብበው አያውቁማ። መውጫ ሲያጡ በአራተኛው ቀን አንድ መኪና አፈርና ስድስት ሰው ላኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ቦዩ ተደፈነ።

ሚስቱ በምርኩዟ ወጣች። ስምንተኛውን እርምጃ ስትረግጥ ቆም ብላ ወደ ኋላ አየችና "ግድግዳው የት ሄደ?" አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠና የራሳቸውን ወረቀት እንደጻፈ ነግሯታል፤ በሌሎቹ ላይ ምን እንደጻፈ ግን አልጠየቀችውም፣ እሱም አላነሳውም። ክንዷን ደግፎ እስከ ጎዳናው መጨረሻ ሄደው ተመለሱ። ከደስታው የተነሳ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ ሰጠ፣ ለማያውቀውም ጭምር።

ልብስ አጣቢዋ ከማዶ አይታቸው እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ሚስቱን አገላብጣ ሳመቻት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከልቧ ነው ደስ ያላት፣ እንዲህ ያለ ነገር ማስመሰል አይቻልም። የተደፈነውን አፈር በእግሯ ረገጥ ረገጥ አድርጋ ጥንካሬውን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ወንድሜ፣ ለካ እዚያ ቤት ሰው አለህ?"

አናጢው አቀረቀረ። "ነበረኝ" አላት። "ከወንበሩ ተነሳ።"

"ውይ" አለች። አንገቷን ነቀነቀች። "ደግ ሰው እዚያ ወንበር ላይ መቼ ይበረክታል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የኔንም ያይልኝ ነበር።"

ሚስቱ ምርኩዟን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችና ዘወር ብላ ባሏን አየችው።