የመጨረሻው ቤት

«ጠይቀኛ!» አለች የሟቹ ሚስት። «ሥራህ አይደል?»

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው መረጃ ሰብሳቢ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ አለቃው ዞረ። አለቃው የእሷና የሟቹ ልጅ ነች። የሰፈሩን ሰው የልብ ጤና በየዓመቱ ቤት ለቤት የሚከታተለውን ጥናት የምትመራው እሷ ነች። በጥናቱ ያለ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ ይጠየቃል፤ ሐዘኑ ሳይበርድ ግን አይሆንም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ነች።

«ሌላ ጊዜ ይሻላል፣ እማዬ።»

«የምን ሌላ ጊዜ! አባትሽ ቀጠሮ አሳልፎ ያውቃል?»

አያውቅም። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። የጥናቱ ሰዎች ሲመጡ ሸሚዙን ተኩሶ ይጠብቃል፤ ወገቡን ሲለኩት ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ያስገባል። «አባባ፣ ይተንፍሱ እንጂ!» ሲሉት፣ «ከተነፈስኩማ ጥናታችሁ ይበላሻል» ይላቸዋል።

ቀጠሮ ስለማያሳልፍም ነው ዘንድሮ የእሱን ተራ መጨረሻ ላይ ያደረገችው። ስልክ የማያነሱ፣ በር የማይከፍቱ፣ ቤት የቀየሩ ነበሩ። ብዙ ሰው ካቋረጠ ውጤቱ አይታመንም፤ ስለዚህ እነሱን ስታሳድድ ከረመች። አንድ ቀን ጠዋት ጫማዋን ስታስር አባቷ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«እዚህ ጋ ይከብደኛል። የእኔ ተራ መቼ ነው?»

ቀና ብላ አየችው። እጁ የት እንዳረፈ በደንብ አየች።

«አባዬ፣ አንተ የትም አትሄድብኝም። መጀመሪያ የሸሹትን ልያዝ።»

«እሺ፣ አለቃ» ብሎ ሳቀ።

መረጃ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ከማረፋቸው በፊት ደረታቸውን ያማቸው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ቢያመው ሳይነግረኝ? ጉንፋን ሲይዘው እንኳ ሰፈር የሚያስጠራ ሰው!» አጠገቧ የነበሩት ጎረቤት በእንባቸው መሐል ፈገግ አሉ። «ድንገት ነው በል። ጻፈው።»

እስክሪብቶውን አወጣ። ልጅዋ ዝም ብትል ያልቃል። እናቷ ድንገት መሆኑን ይዛ ትጽናናለች፤ እሷንም ማንም አይጠይቃትም።

«እንዳትጽፍ» አለችው። «አሞት ነበር። ለእኔ ነግሮኛል።»

ጎረቤትየዋ የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

«ለአንቺ?» አለች እናቷ።

«ተራህን ጠብቅ አልኩት።»

እናቷ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብትጮህባት ደስ ባላት።

«የት ጋ ነበር ያመመው?» አለቻት።

ልጅዋ የእናቷን እጅ ሳብ አድርጋ ከራሷ ደረት መሐል፣ ትንሽ ወደ ግራ አሳረፈችው። እናቷ መዳፏን ዘርግታ ቦታውን ጫን አለችው፤ እጇንም ከዚያ አላነሳችም።