ስሞት እደውልልሻለሁ

«ኧረ አልቅሺ ሸዋረግ! ይህን ሁሉ ሰው አስቀምጠሽ ምን ሆነሻል?»

ተናጋሪዋ ዘነበች ናት፤ የሞላሌና የዙሪያዋ አልቃሽ። ከጠዋት ጀምራ ሙሾ ስታወርድ ድምፅዋ ሻክሯል፣ ወንዱ ሁሉ ዓይኑን ጠርጓል፤ የሟች እናት ግን የሱፍ ባናው ላይ ቁጭ ብላ በሩን በሩን ታያለች። ነጠላዋን እንኳ እንደ ሐዘንተኛ አላዘቀዘቀችውም። ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ፣ ገበያ እንደሚወጣ ሰው ለብሳዋለች።

«አላለቅስም» አለች ወይዘሮ ሸዋረግ። «ልጄ አልሞተችም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ንፍሮ የሚዘግኑት ሴቶች እጃቸውን ሰብስበው ማንሾካሾክ ጀመሩ። ወንድ ልጇ ቢተው ከመግቢያው ላይ ሮጦ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«እማ፣ በእግዜር! ሳሌም ከጣሊያን ደውላ ነግራኝ የለም? አብራት የነበረችው እኮ እሷ ናት፤ የቀበረቻትም እሷ ናት። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።»

«ሳሌምስ እንደ ልጄ ተዋናይት አይደለችም? ማልቀስ ሥራዋ አይደል?»

የንስሐ አባቷ መምሬ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው አልገሠጿትም፤ እሷ እንዲህ ብትል የሚፈርድባት ሰው እንደሌለ ያውቃሉና።

የሸዋረግ ልጅ ትርሲት ድሮም ከለቅሶ ቤት የማትጠፋ ልጅ ነበረች። ዘነበች ስታወርድ ከኋላዋ ቆማ እጇን እንደ እሷ ታነሣ ነበር። አንድ ቀን የሞተች ጫጩት ቀብራ፣ ሜዳው ላይ ሙሾ ስታወርድላት፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህያቸውን አቁመው አለቀሱ። እናቷ «ሟርተኛ!» ብላ በአርጩሜ ለመጠጠቻት። ዘነበች ግን እስክትታመም ስቃ፣ «ተያት እባክሽ፣ ወራሼ ናት» አለች።

አድጋ ቤሩት ሄደች፣ ሰው ቤት ሠራች። ከዚያ እንዴት አድርጋ ጣሊያን እንደገባች ለእናቷ አንድም ቀን ነግራት አታውቅም። ሮም ውስጥ ቲያትር ቤት ስትጠርግ፣ አንዲት ተዋናይት ታማ ቀረችና ልምምዱ ላይ የምታለቅስ ሴት ታጣች። ትርሲት መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ መድረኩ ላይ ወጣች። በአማርኛ፣ በዘነበች ዜማ አለቀሰች። ቋንቋውን አንድም ሰው አያውቀውም፤ ግን መብራት የሚያበራው ሰውዬ ሳይቀር አብሮ አለቀሰ። የፊልም ሥራ የጀመረችው በዚያው ነው። ሠራተኛ ሆነች፣ ከባሕር የተረፈች ሆነች፣ ልጇ የጠፋባት እናት ሆነች። አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ድራማ ሐኪም ስትሆን፣ «እማ፣ ዛሬ ነጭ ጋዋን አለበሱኝ!» ብላ ደውላ ጮኸች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ትሞት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ሌላ ሰው የላቸውም እንዴ?» እናቷ ስትላት፣ «ምን ላድርግ እማ፣ የስደተኛ ሴት ታሪክ ሲጽፉ መጨረሻው ላይ መግደል ይወዳሉ» ትላት ነበር እየሳቀች።

ጉዱ የመጣው በዚሁ ነው። አንድ ሰው ሞላሌ ሻይ ቤት ተቀምጦ በስልክ ቪዲዮ ሲያይ፣ ትርሲት ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝታ ክዳኑ ሲዘጋባት ያያል። የእኛ ሰው ደግሞ መርዶ አያሳድርም፤ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹ የእናቷን በር አንኳኩ። ሸዋረግ ፊቷን ነጨች፣ ጠጉሯን ተላጨች። መምሬም ፍትሐት አደረሱ። በሣልስቱ፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ እንዴት ነሽ? ምነው ድምፅሽ ታፈነ?»

የዚያን ቀን ሳቅና ለቅሶ አይነገርም! ዘነበች «ልፋቴን ማን ይመልስልኛል?» ብላ አኮረፈች። መምሬም ስለ ፍትሐቱ ሲጠየቁ፣ «ይቀመጥላታል» አሉ። ሸዋረግ ግን አፈረች። ገበያ በወጣች ቁጥር «ልጅሽ ተነሣች ወይ?» የሚላት አይጠፋም።

ትርሲት ነገሩን ስትሰማ በስልኩ ውስጥ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን አቆመች።

«እማዬ፣ ጠጉርሽን ተላጨሽልኝ? በይ ስሚኝ፤ ከእንግዲህ ስሞት አስቀድሜ እደውልልሻለሁ። ካልደወልኩ ግን...»

«ዝም በይ! ሟርትሽን እዚያው!» ብላ አቋረጠቻት። ንግግሩ እዚያ ላይ ቀረ፤ ማንም ሰው አልሰማቸውም፤ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩትም።

ትርሲትም ቃሏን ጠበቀች። «እማ፣ ሐሙስ ነው የምሞተው፤ በጥይት ነው፣ አያምም» ትላታለች። እናቷም «ቀስ ብለሽ ውደቂ ልጄ» ትላታለች።

እና አሁን አልደወለችም። ረስታ ይሆናል። ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ሸዋረግ ስልኩን ጡቷ ሥር ወሽቃ የምትጠብቀው ይህንኑ ነው፤ «እማ ፊልም ነው፣ አትደንግጪ» የምትላትን አንዲት ቃል። ብታለቅስ ልጇን በገዛ እጇ የገደለቻት ይመስላታል። አንዴ ገድላታለች፤ አይበቃም?

ስልኩ የጮኸው መምሬ ለጸሎት ሊነሡ ሲሉ ነው። ሸዋረግ ከጉያዋ አወጣችውና ለቢተው አሳየችው።

«የውጭ ቁጥር ነው» አለ ቢተው ቀስ ብሎ።

ፊቷ በራ። ዘነበች ሳትቀር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያ ሁሉ ሰው ያን የድሮውን ቀን አስታወሰ፤ ያ ሁሉ ሰው እንደገና ሊስቅ ጓጓ።

«ሄሎ ትርሴ! ምነው ሳትደውዪ ቀረሽ? ሰው ሰብስበሽ አዋረድሽኝ እኮ!»

«እማማ... ሳሌም ነኝ።»

ሸዋረግ ስልኩን ከጆሮዋ ልታነሣ አለች፤ አላነሣችውም።

«ይስሙኝ እማማ። አያምኑኝም፣ አውቃለሁ፤ ቢተው ነግሮኛል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። ሆስፒታል ሳለን፣ ደውዪላቸው፣ ተሰናበቻቸው ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። ብዙ ይዛው ቆየች። ከዚያ መለሰችልኝ። ‹ከደወልኩላት ፊልም ይመስላታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀኝ ትኖራለች። ካልደወልኩ ግን ታውቃለች› አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ እኔ አልገባኝም።»

ለሸዋረግ ገባት። ያን ቀን ያቋረጠችው ንግግር ይኸው ዞሮ መጣ። ይህን ሳሌም ከየት ታመጣዋለች? ማንም ተዋናይ አይፈጥረውም።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። በመጨረሻ፣ «ቀስ ብላ ነው የሄደችው?» ብላ ጠየቀች።

«ቀስ ብላ ነው እማማ።»

«እሰይ ልጄ» አለች ሸዋረግ።

ስልኩን ለቢተው ዘረጋችለት። «አጥፋው። የምጠብቀው ሰው የለኝም።» ቢተው ስልኩን ይዞ እዚያው እግሯ ሥር ተደፍቶ አለቀሰ።

ሸዋረግ አንድ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። ወደ ዘነበች ዞረች። ዘነበች አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣላትም፤ ወራሿ ናት የሞተችባት።

ያን ጊዜ ሸዋረግ በዝግታ ተነሥታ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችው። ጥለቱን ፈለገች። ወደ ላይ ገለበጠችውና አንገቷ ሥር አድርጋ ለበሰችው።