ካት ከተባለ በኋላ

በዚያ ክረምት ወጣቷ ተዋናይት ሥራ አጣች። ሁለት ጊዜ ብቻ ሬሳ ሆና ተወነች፤ ለኦዲሽን፣ ለትወና ፈተና፣ በሄደችበት ሁሉ ደግሞ የሚጠይቋት ስለ ታዋቂው የሮክ ጊታሪስት አባቷ ነበር። ቢቸግራት የራሷን አጭር ፊልም ልትሠራ ተነሣች።

በፊልሙ ውስጥ ልጁን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ሽማግሌ የሚተውነው ሰው ግን በቀረጻው የመጨረሻ ቀን ሳይመጣ ቀረ። አባቷን ጠራች። እሱ ደግሞ ካሜራ ሲያይ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ደረቱን ይነፋል።

"አባዬ፣ ሽማግሌ ሁንልኝ እንጂ!"

"ሽማግሌ ከየት ላምጣልሽ?"

የተከራዩትን ክፍል ለማስረከብ ሩብ ሰዓት ቀርቷቸዋል። ካሜራማኑን በዓይኗ ጠቀሰችውና ቀረጻው የቆመ ለማስመሰል "ካት!" ብላ ጮኸች። ካሜራው ግን መቅረጹን ቀጠለ።

አባትየው እፎይ ብሎ ሆዱን ለቀቀ፤ ጉልበቱን እያሻሸ በሩን ተደገፈ። የምትፈልገው ሽማግሌ ድንገት ፊቷ ቆመ። ሳቋን ዋጥ አደረገች።

"የትምህርት ቤት ቲያትርሽ ቀን እንዲህ በር ላይ ስትጠብቂኝ ዋልሽ አይደል?" አላት።

"ዋልኩ። አንተ ኮንሰርት ነበረህ።"

"የምን ኮንሰርት! እንቅልፍ ጥሎኝ ነው የቀረሁት። ይቅርታ፣ ልጄ።"

ይህን ቃል አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቃዋለች። ካሜራማኑ ማንም ሳያዘው ካሜራውን አጠፋ።