የአሠልጣኝ ቮልራት ደብተር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሩጫው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ በስፖርት ማኅበሩ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሊቀ መንበሩ ፎልክማር፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አሠልጣኝ ኤከሃርት ቮልራት፣ እና በአንድ ወቅት ለምሥራቅ ጀርመን ሦስት ሺህ ሜትር ትሮጥ የነበረችው ሃይድሩን ላንግሮክ።

ቮልራት ነጭ ሽርጥ አስሮ የአጃ አጥሚት ያማስላል። በዚህ የጀርመን ቱሪንገን ግዛት ከተማ አጥሚቱን ሳይቀምስ ወደ ጫካው የሚሮጥ የለም፤ ጭልፋውንም ከእሱ እጅ የሚነጥቅ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ሩጫው በስሙ ሊጠራ ነው።

ፎልክማር ለሃይድሩን ወረቀት ዘረጋላት።

"ሦስት መስመር ብቻ ነው። 'ለዚህ ያበቁኝ ላቤና የአሠልጣኜ አጥሚት ናቸው' ትያለሽ፤ የሩጫ ማስጀመሪያውን ሽጉጥ ትተኩሻለሽ፤ በቃ።"

"ማነው የጻፈው?"

"እኔ።"

"ያስታውቃል።"

ፎልክማር ፈገግ አለ። ሰድበውት እንኳ ኮቱን አስተካክሎ የሚያመሰግን ዓይነት ሰው ነው።

ቮልራት ከድስቱ ሳይርቅ ሳቀ። "ድሮም ምላሷ እግሯን ይቀድማት ነበር። ነይ ልጄ፣ አንድ ኩባያ ላጠጣሽ። ያኔ ሁለት ነበር የምትጠጪው።"

"ከኩባያው አጠገብ ያስቀምጡልኝ የነበረውስ?"

"ቫይታሚን ነዋ።"

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። ማማሰሉን እንኳ አላቋረጠም።

በሃያ ዓመቷ ድምፅዋ እንደ ጎረምሳ ጎረነነ። በሃያ አራት ዓመቷ ጉበቷ ታሞ ሩጫ አቆመች። ከዚያም ሁለት ጊዜ አስወረዳት፤ ሦስተኛ አልሞከረችም። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስታድል ኖረች። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ሳያውቁ አበረታች መድኃኒት የተሰጣቸው ስፖርተኞች በተጎጂነት ይመዘገባሉ ሲባል ሁለት ጊዜ አመለከተች። ሁለቱንም ጊዜ ቮልራት "ከአጥሚት በቀር የሰጠኋት የለም" ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ማመልከቻዎች ማስረጃ የላቸውም ተብለው ተመለሱ። አጥሚት ጠጥታ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት መሆኗ ነው። ዛሬ የመጣችው ንግግሩን አላደርግም ለማለት ነበር፤ ግን በስልክ ሳይሆን ፊቱን እያየች።

"ዐውደ ርእዩን አላየሽውም እንዴ?" አለ ፎልክማር፣ ወደ መስታወቱ ሣጥን እየጠቆመ። "የአሠልጣኙን የልምምድ ደብተሮች ከጣሪያው ሥር ራሴ ነኝ ያወረድኳቸው። አንድ ቀን ሳያጎድል ጽፏል። ሥርዓት ይሏል ይሄ ነው። ያንቺን ገጽ ገልጬልሻለሁ።"

ቮልራት ማማሰሉን ተወ። "የትኛውን ደብተር?"

"የሰማንያ አራቱን።"

"ማን አውርድ አለህ?"

"ቁልፉን እኮ አንተ ነህ የሰጠኸኝ። 'ሁሉንም አሳያቸው' አላልክም?"

ሃይድሩን ጎንበስ አለች። ገጹ በማስመሪያ ተሰምሯል፤ ጽሕፈቱ እንደ ሕትመት ጥርት ያለ ነው። ላንግሮክ። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር። የልብ ምት። ክብደት። በመጨረሻው ዓምድ ላይ፦ "ሰማያዊ ክኒን፣ ሁለት። ቫይታሚን ተብሏት ወስዳለች። አትጠረጥርም።"

ሦስቴ አነበበችው።

"ፎልክማር፣ ይህን ገጽ አንብበኸዋል?"

"ኪሎ ሜትሩን አይቻለሁ። በየቀኑ ሃያ ሁለት፤ ይገርማል።"

"የመጨረሻውን ዓምድስ?"

"እሱ እንኳ መነጽር ይፈልጋል።"

ወደ ቮልራት ዞረች። አርባ ዓመት "እርስዎ" ስትለው ኖራለች።

"ሌላው ሰው ወንጀሉን ይደብቃል" አለችው። "አንተ በማስመሪያ አሰመርክለት።"

"የዘመኑ አሠራር ነው። ሁሉም ያደርገው ነበር። ደግሞ ሜዳሊያውን ማን ወሰደው? አንቺ አይደለሽም?"

"ወስጃለሁ። ነፋስ የበረንዳዬን በር እንዳይዘጋው ሥሩ ሸጉጬዋለሁ። ለዚያ ይሆናል።"

የመስታወቱን ክዳን አነሣችው።

"ፎልክማር፣ እንዳትሰጣት" አለ ቮልራት። ሽርጡን መፍታት ጀምሮ ቋጠሮው እምቢ አለው።

ፎልክማር አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። "የማኅበሩ ንብረት ነው፣ ሃይድሩን። እንዲሁ አይወጣም። መፈረም አለበት።"

"መዝገቡን አምጣዋ።"

ከመሳቢያ አወጣላት። ድንኳን፣ ኳስና ረጅም ጠረጴዛ የሚዋስ ሁሉ የሚፈርምበት መዝገብ ነው። "አንድ ደብተር፣ 1984። ተዋሽ፦ ላንግሮክ" ብላ ጻፈች። ፎልክማር ጣቱን በባዶው ቦታ ላይ አሳረፈ።

"የመመለሻ ቀን።"

"ለስንት ጊዜ ይፈቀዳል?"

"ለአራት ሳምንት።"

ቀኑን ቆጥራ ሞላችው፤ ፈረመች። ደብተሩን ብብቷ ሥር ከታ፣ የንግግሩን ወረቀት በአጥሚቱ ድስት ክዳን ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች።

"አብደሃል እንዴ?" አለ ቮልራት። "ያዛት እንጂ።"

"ፈርማለች እኮ፣ አሠልጣኝ" አለ ፎልክማር።

ሩጫው ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ፤ ሽጉጡን ፎልክማር ተኮሰ። ሃይድሩን በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ማመልከቻዋን አስገባች።